ሁለት ዛፍ ወይስ ሁለት ባላ? ስለ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ መምህርነትና የጃዝ ክበብ

አድማጭ፦ ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ አንድ ክራር ተጫዋች ጋሽ ሙላቱን «ሁለት ዛፍ ላይ ልውጣ ያሉ ሰው» ብለው፣ ማስተማሩና በጊዮን ሆቴል ግቢ የአፍሪካ ጃዝ መንደር የተባለውን የጃዝ ክበብ መክፈታቸው የድርሰት ጊዜያቸውን እንደበላባቸው ሲናገሩ ሰምቼ እጅግ አዘንኩ። በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ሁለት አልበሞች አሳትመው፣ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ያዋሐዱ ሰው ከዚህ በላይ ምን እንዲሠሩ ነው የምንጠብቀው?

ክራር ደርዳሪ፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። ጋሽ ሙላቱን የማከብራቸው ከማንም ባላነሰ ነው፤ የምቆጨውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ሳሉ በቅዱስ ያሬድ ላይ ከተመሠረተው ኦፔራቸው ከፊሉን አቅርበዋል፤ ሙሉውን ግን እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ለተማሪና ለክበብ የተሰጠ ምሽት ለኦፔራው አልተሰጠም።

የሙዚቃ መምህር፦ ወንድሜ፣ ስለ ዛፉ የተረቱት አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ማለታቸውንም አይዘንጉ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት መድረክ ሲያፈርሰው፣ ብዙ ሙዚቀኞች አገር ጥለው ሲወጡ፣ እርሳቸው እዚሁ ቀርተው እ.ኤ.አ. በ1977 በዋልያስ ባንድ አልበም ላይ ቫይብራፎን የተባለውን በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ ተጫውተዋል። መድረክ አንድ አዋጅ የሚያፈርሰው ነገር መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው ማስተማርን ሁለተኛ ባላ ቢያደርግ እንዴት ይወቀሳል?

ክራር ደርዳሪ፦ ባላ ተንጠልጥለው የሚተርፉበት ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ መትረፍ ሳይሆን ስለ መፍጠር ነው። ደግሞስ ምርምር የተባለው ወዴት ወሰደን? በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ተቋም በኤም አይ ቲ ሳሉ ክራር ዘመናዊ ሆኖ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች እንዲጫወት ለማድረግ ሠርተዋል። ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ለመሻገር አውታሩን እንደገና መቃኘት እኮ የክራር ሕይወት ነው፤ ይህን ከእጄ የሚወስድብኝ መሣሪያ ክራር አይባልም።

ዋሽንት ነፊ፦ በዚህ አልስማማም። አሮጌውን ክራር ማንም አልቀማዎትም፤ አዲሱ የሚጨመር እንጂ የሚተካ አይደለም። እርሳቸው በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች ከምዕራባውያን ጠቢባን ቀድመው በድምፅ ቅንብር ተራቅቀው እንደነበር ደጋግመው ሲያስረዱ፣ ለነባሩ ዕውቀት ከእኛ ይልቅ እንደሚቆረቆሩ አይታይዎትም? ክበቡንም ቢሆን በተመልካች ወንበር ሳይሆን በተማሪ ጫማ ሆነው ይዩት። እኔ ተምሬ ስወጣ የራሴን ድርሰት የምጫወትበት ቦታ አጥቼ ለዓመታት ሠርግ ላይ የሌላ ሰው ዘፈን ስነፋ ኖሬአለሁ። ተማሪን አስተምሮ መድረክ መንሳት ግማሽ ትምህርት ነው።

የሙዚቃ መምህር፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ትምህርት ቤቱና ክበቡ ሁለት ዛፍ ሳይሆኑ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው።

ክራር ደርዳሪ፦ ዛፉን ባላ፣ ባላውን ደግሞ ግንድ እያደረጋችሁ ጥያቄዬን ግን አልመለሳችሁልኝም። ተማሪዎቹን የሚያስተምር ሌላ መምህር ይገኛል፤ የያሬድን ኦፔራ ግን ከእርሳቸው በቀር ማን ይጨርስልናል?

አድማጭ፦ ክበባቸው ውስጥ ካደጉት አንዱ ቢጨርሰውስ?

ክራር ደርዳሪ፦ እንግዲያው የእርሳቸው ኦፔራ አይሆንም።