በሆርሙዝ ነገር ምን አገባን?

የደብረ ሲና ልጅ፦ ዛሬ ከደብረ ብርሃን ስወርድ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ተቀበለኝ፤ መልሴንም አልሰጠኝ። ለምን ስለው «ሆርሙዝ ተረብሿል» አይለኝም! ሆርሙዝ ኢራንና ዖማን መካከል ያለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ የእኛ ነዳጅ የሚገባው በጅቡቲ። በሆርሙዝ ነገር ምን አገባን?

ቦቴ ነጂ፦ ጅቡቲ በር ናት እንጂ ጉድጓድ የላትም ወንድሜ። እዚያ የሚራገፈው በአብዛኛው ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የተጫነ ነው። በሰላሙ ጊዜ ዓለም በቀን ከሚጠቀመው ዘይት 20 በመቶ ገደማ የሚያልፈው በሆርሙዝ ነው። እዚያ ጥይት ሲጮህ የመርከብ ኢንሹራንስ ይንራል፤ ከሌላ ቦታ የሚገዛውም አብሮ ይወደዳል።

የደብረ ሲና ልጅ፦ «በር ናት» አለ በረኛው! መንገድ ዳር በጀሪካን የሚቸበቸበውስ በየትኛው በር ገባ?

ቦቴ ነጂ፦ ሌባ ልትለኝ ነው? ጣርማበርን በጉም ቦቴ ይዘህ ውረድና እናወራለን።

ጋሼ መምህር፦ ልጆች ተረጋጉ። በጥቅምት 1966 ዓረቦች ነዳጅ ከለከሉ፤ በወራት ውስጥ የዓለም ዋጋ አራት እጥፍ ሆነ። የካቲት ላይ እኛ ጋ ቤንዚን 50 በመቶ ተጨመረበት፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች አደሙ። ጃንሆይ ከአዲሱ ዓመት ያዩት አንድ ቀን ነው፤ መስከረም 2 ወረዱ። ያኔም «ምን አገባን» የሚል አይጠፋም ነበር።

መንዜው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ጃንሆይን ታክሲ ነው ያወረዳቸው? የወሎው ረሃብስ? ወታደሩስ?

ጋሼ መምህር፦ ታክሲ ብቻ መች አልኩ? ማንበብ ጥሩ ነው።

የባሶ ገበሬ፦ እናንተ በታክሲ ተጨቃጨቁ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2014 በዩክሬን ጦርነት ጋዝ ሲወደድ የአውሮፓ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ እኔ እንኳን መኪና ባጃጅ የሌለኝ ሰውዬ ለገብስ ማሳዬ ያንን ዕዳ ከፈልኩ። አገባኝ አላገባኝ ማን ጠየቀኝ?

መንዜው፦ ሐምሌ 2016ን ደግሞ ሁላችሁም ዘለላችኋት። የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዓለም የበርሜል ዋጋ ንቅንቅ ባይልም ነዳጅ በብር ተወደደ። እሱንም በሆርሙዝ አሳቡ!

የደብረ ሲና ልጅ፦ እሺ፣ ሲጨምር አገባን። ሚያዝያ 2012 የአሜሪካ ድፍድፍ ዘይት ዋጋ ከዜሮ በታች ሲወርድ ታሪፍ ስንት ቀነሰልን?

ቦቴ ነጂ፦ ኮሮና ነበራ! ሚኒባስ በግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ ያስከፍል ነበር። ደግሞ እኔ የቦቴ ሾፌር ነኝ፣ የሚኒባስ ጠበቃ አይደለሁም።

የደብረ ሲና ልጅ፦ ታዲያ የጠበቃነቱን ሥራ ማን ሰጠህ? የቀረብኝን 20 ብርም ሆርሙዝ ወሰደው በለኛ።