ልጆች ይዘን ወንጪ ደርሶ መልስ፦ ቁልቁለቱን፣ ዳገቱንና ፈረሱን እንዴት እናድርገው?

የልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ልጆች ይዘን ከአዲስ አበባ ወንጪ ደርሰን ልንመለስ አስበናል። አዋቂዎቹ እኔ፣ ባለቤቴና እህቴ ነን። የእኛ ልጆች 9 እና 6 ዓመታቸው ነው፤ ትንሿ ዓመት ተኩል ሆኗታል፣ ትታዘላለች። የእህቴ ልጆች 10 እና 7 ዓመት ሲሆኑ ከዱባይ የሚገቡት ረቡዕ ነው። መኪናውን ላይ አቁመን በእግር ሐይቁ ድረስ ወርደን፣ በጀልባ ደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ገዳም አይተን፣ በእግር ልንወጣ ነው። ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል? ከፍታው የዱባዮቹን ያስቸግራቸዋል? ልጅ ፈረስ ላይ ማስቀመጥስ ደህና ነው? ውሃ ምን ያህል እንያዝ?

የመንገድ ሰው

እህቴ፣ ይቻላል፤ ግን የወንጪን መንገድ አስቀድማችሁ እወቁት። ሌላ ተራራ ላይ ልጅ ሲደክመው ዞሮ መውረድ ነው። ወንጪ ሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የምታገኙት ቁልቁለቱን ነው። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ልጆቹ ተጫውተው ከደከሙና ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፣ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር ነው። ሲወርዱ ሁሉም ይሮጣል፣ ወላጅም «እነዚህማ ችለውታል» ብሎ ይዘናጋል።

ስለዚህ ሰዓቱን ከመመለሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በአምቦ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆች ያሉበት መኪና መንገድ ላይ መቆሙ ስለማይቀር ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሱ 3 ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ፣ ትኬቱና የፈረሱ ስምምነት እስኪያልቅ 4 ሰዓት ይሆናል። መውረድ ስትጀምሩ ሰዓት እዩ፣ ሐይቁ ዳር ስትደርሱም እዩ። የወረዳችሁበትን ጊዜ እጥፍ አድርጉት፤ ከልጆች ጋር የምትወጡበት ጊዜ እሱ ነው። 1 ሰዓት ከሩብ ከፈጀባችሁ ለመውጣት 2 ሰዓት ተኩል ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ቢዘገይ ቢዘገይ 7 ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀምሩ። ያኔም መኪናው ጋ የምትደርሱት 9 ሰዓት ተኩል ነው፣ አዲስ አበባ ስትገቡ መሽቷል። ጀልባው ወረፋ ካለው ተዉት። ለልጅ ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለም አትሳፈሩ፤ የአዋቂው ጃኬት ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

ውሃ፦ ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለሚራመድ ልጅ 1 ሊትር፣ ለትንሿ ግማሽ ሊትር። በእናንተ ቁጥር 10 ሊትር ተኩል ይሆናል፣ ያ ደግሞ 10 ኪሎ ተኩል ሸክም ነው። ልጆች ላይ አትጫኑት። ልጅ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ በላይ መሸከም የለበትም፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሹራቡና የራሱ ኮዳ ይበቃዋል። የቀረውን አንዱ ፈረስ ይጫነው።

ነርሷ

ስለ ዱባዮቹ ልጆች፦ ከባሕር ጠለል መጥተው አዲስ አበባ ሲገቡ ራሱ 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። ረቡዕ ገብተው ቅዳሜ ከ3,000 ሜትር በላይ መራመድ ለብዙ ልጅ ጉዳት ባያመጣም ቀኑን ያበላሽበታል። ብትችሉ በሳምንት አራዝሙት፤ በመሀሉ ደግሞ አንድ ጠዋት እንጦጦ ውሰዷቸው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ከወንጪ ጋር የሚቀራረብ ፈተና ነው፤ ራስ ምታት ቢመጣም ቤታችሁ ቅርብ ነው።

ትልልቆቹ ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ይላሉ። ትንሿ ግን መናገር ስለማትችል፣ ያለወትሮዋ ስትነጫነጭ፣ ጡትም ምግብም እንቢ ስትል፣ መጫወት ስትተው ከፍታው እንደሆነ ጠርጥሩ። አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ለከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው ሲባል ሐይቁ ጋ መውረድ ማለት አይደለም። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው፣ ከዚያ ለመውጣትም የታመመውን ልጅ ዳገት ማስወጣት ሊኖርባችሁ ነው። ምልክቱ ወደ ሐይቁ ሳትወርዱ ከላይ ሳላችሁ ከታየ ጉዞውን አትጀምሩ፤ በመኪና ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ ውረዱ፤ ሁለቱም 2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። ልጁ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አስም ያለበት ልጅ ካለ የሚነፋው መድኃኒት እጃችሁ ላይ ይሁን፣ መኪና ውስጥ አይቅር። የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ፀሐዩን ብርዱ እንዳያስረሳችሁ። ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክብ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋቸዋል፤ ጆሮና ማጅራት አይረሳ።

ባለፈረሱ

ፈረስ ጥሩ ነው፤ ለመውጫ እንጂ ለመውረጃ አይሁን። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ ፈረሱ አንገት ይንሸራተታል፣ ልጅ ደግሞ እግሩ አጭር ስለሆነ ራሱን አያግድም። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሆን ይሻላል፣ የኮርቻውን ፊት ይዞ መቀመጥ ይችላል። ዋጋውን ላይ ሳላችሁ ጨርሱ፦ ስንት ፈረስ፣ ለመውጣት ብቻ፣ ሐይቁ ዳር ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ። ታች ወርዳችሁ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ መደራደር የትም አያደርሳችሁም።

ልጁ ከመውጣቱ በፊት ኮርቻውን በሆዱ በኩል የሚያስረውን ጠፍር ራሳችሁ ሳቡት፤ ኮርቻው ወደ ጎን ከዞረ እንደገና ይጥበቅ። የልጁ እግር እርካብ ላይ ካልደረሰ ማሰሪያው ይጠር፣ ካልጠረም እግሩ ተንጠልጥሎ ይቅር። በማሰሪያው መሀል ማስገባት ግን አይሆንም፤ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታል። እርካብ ሲገባም የጣቶቹ በኩል ብቻ እንጂ እስከ ተረከዝ አይግባ። ልጅን ከኮርቻ ጋር ማሰር በፍጹም አይደረግም። ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ከፊት ይሂድ፣ ከእናንተ አንዱ ከጎን ይሁን። ሕፃን ያዘለ ሰው ፈረስ ላይ አይውጣ።

ቀስ በቀስ

ከባለፈረሱ በአንድ ነገር እለያለሁ። የ6 እና የ7 ዓመቶቹ ዳገቱን በሙሉ ፈረስ ላይ ከተቀመጡ ይበርዳቸዋል፣ እግራቸውም ይደነዝዛል። ለአራት ልጆች ሁለት ፈረስ ይዛችሁ በየ20 ደቂቃው ብታፈራርቋቸው ይሻላል። የሚራመደው ተራው እንደሚደርስ ስለሚያውቅ አያለቅስም።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለጉዞው ብሎ አዲስ ጫማ መግዛት እግር ማቁሰል ነው። የለመዱት ስኒከር ሶሉ ካላለቀ ይበቃል። ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ከጫማው ፊት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ጥፍራቸውን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ መውረድ ሲጀመርም ክሩን ቁርጭምጭሚት ጋ አጥብቃችሁ እሰሩ። ልጅ «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ካለ ያኔውኑ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ቀኑን ሙሉ ማነከሱ ነው።

ትንሿን የሚያዝለው ሰው ዳገት ላይ ያልበዋል፣ እሷ ግን አትንቀሳቀስም። የአዛዩ ሙቀት የእሷ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ እግሯን ንኩ፤ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ከአንቀልባው አውጥታችሁ አንቀሳቅሷት። ወፍራም ካልሲ እስከ ጭኗ ድረስ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ ላዩ ላይ ጋቢ። አዛዩም ዱላ ይያዝ።

የልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከገና በኋላ ወዳለው ቅዳሜ አዛወርነው፣ እንጦጦንም ሰኞ እንሄዳለን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጾሙ ስላበቃ ምን ስንቅ ይመረጣል? የገጠር ውሻና ሳማስ?

የመንገድ ሰው

ጨጨብሳ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ፍርፍር ይፈሳል። ጭኮ ግን ትንሹ ያጠግባል፣ ማሞቅ አይፈልግም፣ አይፈስም። ከእሱ ጋር የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንሿ አትስጡ፣ ትንታ ያመጣል፤ ትልልቆቹም ተቀምጠው እንጂ እየሮጡ አይቃሙ። ዋናውን ምሳ ሐይቁ ዳር አትጨርሱት። ግማሹን ዳገቱ መሀል ላይ ለሚኖረው ረዥም እረፍት አስቀሩ፤ ልጅ ተቀምጦ አልሄድም የሚለው ብዙውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው፣ አንድ ጉርሻ ጭኮና አሥር ደቂቃ ያስነሳዋል።

ነርሷ

ሳማ የነካውን ቦታ አትሹት፣ ማሸት መርዙን ይበልጥ ያስገባዋል። በውሃ አለቅልቁት፣ ማቃጠሉ በራሱ ይለቃል። ለልጆቹ ረዥም ሱሪ ማልበስ ነው ዋናው።

ውሻ ሲመጣ ልጆቹ አይሩጡ፣ አዋቂ ጀርባ ይቁሙ፣ ባለቤቱ ይጠራ። ከነከሰ ወይም ቆዳ ከቧጨረ፣ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን፣ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ስለዚህ አንድ ሳሙና ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ መኪናም ውስጥ የማይነካ 5 ሊትር ውሃ ይቀመጥ። ቁስሉን ጭምቅ አድርጋችሁ አትሰሩ፣ ቅጠልም አትለጥፉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን መጀመር አለበት፤ አምቦ ወይም ወሊሶ ሆስፒታል ጠይቁ፣ ከሌለ ሳትቆሙ አዲስ አበባ። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብላችሁ እስከ ሰኞ አትጠብቁ።