የትከሻ ጅማት ፕሮፖዛል፦ ረቂቁ እስከ ዓርብ ይግባ

ጸሐፊ፦ ዓርብ ካላስገባን የምርምሩ ብር ዘንድሮም ለጉልበት ቡድን ነው። ዓምና የሆነውን ታውቁታላችሁ። አሳቡ ያው ነው፤ በሮታተር ከፍ (ትከሻን በሚይዙት ጅማቶች) መቀደድ ላይ ከተጻፉት ውስጥ በብዛት የተጠቀሱትን 100 ጽሑፎች ለይተን ሕክምናውን የትኛው እንደመራው ማሳየት። ዳታውን ማን ያወጣል?

ሬዚደንት፦ እኔ። ረቡዕ ማታ ሰንጠረዡን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከየት? ጽሑፍ ስንቴ እንደተጠቀሰ ለሚቆጥረው ለዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚከፈል ብር የለም። ጎግል ስኮላር ነጻ ነው።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦ ጎግል ስኮላር መመረቂያ ጽሑፉንም ስለሚቆጥር ቁጥሩ ያብጣል። ይሁን ካላችሁ ይሁን፣ ግን ከሌላ ጋር አታደባልቁት። ድምሩንም በዓመት አካፍሉት፤ አለዚያ የቀዶ ሐኪሙ የኒር የ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ዕድሜው ብቻ ያስቀድመዋል።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ የትከሻ ቀዶ ሐኪሙ የኮድማን የ1934 መጽሐፍ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ስሜን አውጡ።

ሬዚደንት፦ ዶክተር፣ እሱ መጽሐፍ ነው። ረቂቁ የጆርናል ጽሑፍ ነው የሚለው።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ ረቂቁ ይታረማ! ይህን ትከሻ ያስተማረንን ሰው ትተን የምን ዝርዝር ነው የምናወጣው? የብሩን ግማሽ ያዋጣነው እኛ እዚህ ያለነው ነን።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦ ብር ስላዋጣችሁ ዘዴውንም እናንተ ልትቆርጡልን ነው? አንድ መጽሐፍ ከገባ የመማሪያ መጽሐፉ ሁሉ ይግባ ይባላል።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ እንዲህ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሰብሳቢ፦ ረጋ በሉ። ኮድማን መግቢያው ላይ ይጠቀስ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ አይግባ።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ መግቢያ ላይማ ማንም ይጠቅሰዋል።

ጸሐፊ፦ የ1911ዱ ጽሑፉ እኮ ቦስተን ጆርናል ላይ የወጣ ነው። ሱፕራስፓይናተሳቸው (አንዱ የሮታተር ከፍ ጅማት) ተበጥሶ የሰፋላቸው የሁለት ታካሚዎች ሪፖርት። ቁጥሩ ከደረሰ ይገባል፣ ካልደረሰ የለም። በዚህ እንዝጋው።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ ይሁን። ስለ መጽሐፉ ግን አሳቤን አልቀየርኩም።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙ የተጠቀሰ ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ሊተቹትም ይጠቅሱታል። ኒር የአክሮሚየንን (የትከሻ ጫፍ ጣሪያውን) አጥንት መፋቅ ያስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. 2018 ላይ የእንግሊዝና የፊንላንድ ሐኪሞች ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲያወዳድሩት ለታካሚ የሚሰማ ልዩነት አላገኙበትም። እርግጥ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተቀደደውን አላስገቡም፤ ይህም መጻፍ አለበት። ቁጥሩን ብቻ ደርድረን ከወጣን አንባቢ ኒርን ከላይ አይቶ መፋቁን ይቀጥላል።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የጋላትስን ጥናት እዩ፣ 2004። ትልልቅ ቅዳድ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ከተሰፋላቸው 18 ሰዎች የ17ቱ እንደገና ተቀዶ በአልትራሳውንድ ታየ። ሕመሙ ግን ለአብዛኞቹ ቀንሶ ነበር። ይህ በቁጥር አይነገርም።

ሰብሳቢ፦ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አጭር ማብራሪያ ይጨመር። 100 ከበዛ 30 ይሁን።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦ የ1995ቱ የሼር ጥናት የግድ ይግባ። ምንም ሕመም የሌላቸው 96 ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው 34 በመቶው ቅዳድ ነበረባቸው፤ ከ60 ዓመት በላይ ደግሞ 54 በመቶው። እኔ ጋ በቅርቡ የመጡ እናት አመጣጣቸው ለአንገት ነው። ሻሻቸውን ፈትተው መልሰው ሲያስሩ ሁለቱም እጃቸው ያለ ችግር ይነሳል። ግን የኤምአርአዩ ወረቀት «ተቀዷል» ስላለ እንቅልፍ አጥተዋል፤ ለቀዶ ሕክምና መሬት ሊሸጡ ነበር።

ቀዶ ሐኪም (ሜሪላንድ)፦ ፕሮፖዛሉ ይሄ ነው መሆን ያለበት! ወረቀት ሳይሆን ትከሻ እንዲመረመር የሚያሳስብ አንድ ገጽ፣ ለየጤና ጣቢያው።

ጸሐፊ፦ ፈንዱ እኮ ለምርምር ነው። የሳይቴሽኑ (የጥቅስ ቆጠራው) ሥራ ከወጣ ገምጋሚዎቹ አይቀበሉም።

ሰብሳቢ፦ ሰንጠረዡ አባሪ ይሁን፣ ዋናው መመሪያው። ሬዚደንቱ ዳታውን የት አደረስከው? ረቡዕ አልፏል እኮ።

ጸሐፊ፦ ደወልኩ፣ አያነሳም።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦ 30ዎቹን እኔ ዛሬ ማታ በእጄ እለቅማለሁ። ማብራሪያውን ግን ሌላ ሰው ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ የኅትመት ዋጋ በረቂቁ በጀት ውስጥ የለም። ስንት ቅጂ እንደሚታተም ሳትነግሩኝ አልፈርምም።