ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ በዕለቱ መውጣት ወይስ አንድ ሌሊት ማደር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ግራ ጡቷ በሙሉ ይወጣል፤ የብብቷ ንፍፊትም አብሮ ይወሰዳል። ሐኪሟ «ደህና ከሆንሽ ማታውኑ ትወጫለሽ፣ ካልሆነ ታድሪያለሽ» ብሏታል። የምታርፈው እኔ ጋ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ምን አይተን እንወስን?

መልስ 1 (የቀዶ ሕክምና ነርስ)፦ እግዜር ይማርልህ። እብጠቱ ብቻ የሚወጣ ቢሆን በዕለቱ ቤት መግባት የተለመደ ነው። እሷ ግን ድሬን (ከቁስሉ ሥር ፈሳሹን እየሳበ ወደሚጨመቅ ኳስ የሚያወጣ ቱቦ) ይገጠምላታል፤ ያም ሆኖ ድሬን ብቻውን ማደርን አያስገድድም። የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከቆዳው ሥር ደም መቋጠሩ ነው። ከመውጣቷ በፊት ማስመለሱ ቆሞ የጠጣችው ይርጋላት፣ ራሷ ትሽና፣ ሳይዞርባት ትራመድ፣ ሕመሙም በሚዋጥ ማስታገሻ ጋብ ይበል። ሌሊት አብሯት የሚነቃ አስታማሚም ይኑር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ትደር። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ወይም ስኳሯና ግፊቷ ያልተስተካከለ ከሆነም ትደር። ፎቁን ቀስ ብላ ትወጣዋለች፤ ከባዱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደም ቢመጣ ማውረዱ ነው። ስለዚህ የሚሸከም ሰውና መኪና አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መልስ 2፦ ድሬኑን አስታማሚዋ እዚያው ዋርድ ውስጥ፣ ነርሷ እያየቻት፣ በገዛ እጇ አንዴ ትድፋው። እጇን ታጥባ ቱቦውን ቆዳው አጠገብ በአንድ እጅ ቆንጠጥ ታድርግ፤ በሌላው ወደ ኳሱ እየጨመቀች ትሳበው፤ የረጋ ደም የሚደፍነው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ በመለኪያው ትገልብጥ፤ ኳሱን ጨምቃ፣ እንደተጨመቀ ትክደነው። ኳሱ ተነፍቶ ከተከደነ አይስብም፣ ፈሳሹ ደረቷ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋትና ማታ ሲሲውን ደብተር ላይ ጻፉ፦ በቀን ከ30 ሲሲ በታች ለሁለት ተከታታይ ቀን ከሆነ ብዙ ጊዜ ድሬኑ ይወጣል። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወደ ጠጅ ቀለም መሄድ አለበት። ደማቅ ቀይ ሆኖ ኳሱ ቶሎ ቶሎ ከሞላ፣ ወይም ደረቷ ተወጥሮ ሕመሙ ከጨመረ፣ ሳትነጋገሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳቷ 38 ከደረሰም ደውሉ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ አቅፎ መሳም ይቅር፤ ቱቦው የሚነቀለው እንዲያ ነው። ኳሱን በመርፌ ቁልፍ ከልብሷ ጋር አያይዙት። ልብሷም ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይሁን።

መልስ 3 (ፊዚዮቴራፒ)፦ ክንዷ እንዳይደርቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቷን ትጨብጥ፣ ክርኗን ትጠፍ፤ ድሬኑ እስኪወጣ ግን ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አታንሳ። ግፊት ሲለካም ሆነ ደም ሲቀዳ በቀኝ እጇ ይሁን። ወደ ቤት ስትመለስ ሚኒባስ አይሆንም፤ ታክሲ ውስጥም ቀበቶው ሥር ትንሽ ትራስ ይግባ።

መልስ 1 (በድጋሚ)፦ አንድ የረሳሁት፦ የቀዶ ሕክምና ተራዋ ጠዋት መጀመሪያ እንዲሆን ለምኑ። ጠዋት 2 ሰዓት የገባች ሴት እስከ ማታ ስትታይ ትውላለች። ከሰዓት 9 ሰዓት የገባችን ግን ማታውኑ ይዞ መውጣት አልመክርም።