ክርክር፦ መቀጣት ያለበት የጥላቻ ንግግር ነው ወይስ የጥላቻ ድርጊት?

አወያይ (ደሴ፣ ፒያሳ)
ሰላም ለቤቱ። ያለፈው ሳምንት ጭቅጭቅ መስመር ይያዝ ብዬ ነው። ሁለት ወገን ሆነናል። አንዱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ይሻር ይላል። ሌላው ይጥበቅ እንጂ አይነካ ይላል። ለማያስታውስ ባጭሩ፦ ረቂቁን ያዘጋጀው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። ከሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ፣ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ፣ የካቲት 5 ቀን 2012 ጸደቀ። 297 ድጋፍ፣ 23 ተቃውሞ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ። መጋቢት 14 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ቁጥሩ 1185/2012 ነው። ስድብ ይቅር፤ የቀረው ክፍት ነው።

ወጣት ከሸዋ በር
እኔ ይሻር ባይ ነኝ። ያቺን 23 ዝም ብላችሁ አትለፏት። ያኔ በምክር ቤቱ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልነበረም። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም የያዙት ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ 23 ሰው እጁን አውጥቶ «አይሆንም» ካለ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የተቃወሙት ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን፣ ማለትም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29፣ ይነካል ብለው ነው። አሁን ወደኔ ልምጣ። ገጼ ከ6,000 በላይ ተከታይ አለው። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይላል። አንዴ ስለ ሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ጻፍኩ። አንድ ኃላፊ ደውሎ «ሐሰተኛ መረጃ እያሰራጨህ ነው፣ ሕግ እንዳለ ታውቃለህ» አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አጠፋሁት። ውሃው ግን እንደጻፍኩት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው የመጣው።

ጠበቃ (ደሴ፣ አራዳ)
ወንድሜ፣ የደወለልህ ሰው ተሳስቷል፤ ይህን ማወቅህ ደግ ነው። በአዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃውም። አሰራጪው ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያላደረገ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። የውሃ ፈረቃ እዚያ ውስጥ አይገባም። ዜና፣ የፖለቲካ ትችት፣ ጥናት፣ ኪነ ጥበብና ሃይማኖታዊ ትምህርትም በግልጽ ተለይተው ወጥተዋል።

ወጣት ከሸዋ በር
እሺ ጋሼ። ግን ይህን የሚያውቅ ጠበቃ አጠገቤ አልነበረም። የነበረው ስልኩ ነው። ሕጉን በሚያስፈራራበት ሰው አፍ ነው የሰማሁት።

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)
ልጄ፣ የደረሰብህ አሳዝኖኛል። ሆኖም መሻሩን አልቀበልም። ሩዋንዳ በ1994 እንደነሱ አቆጣጠር ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው በቆንጨራ ብቻ አይደለም። ሬዲዮው ቀድሞ «በረሮ» እያለ ጎረቤትን ለጎረቤት አዘጋጅቶት ነበር። ያንን ሬዲዮ የመሠረቱ ሰዎች ኋላ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ቃል ከድርጊት ይቀድማል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ባሉበት ከተማ ነው። ስሙን ብቻ አስቡት፤ ማንም ሰው የማይጠየፍበት ማዕድ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት የሚያድግበት አገር ነው። ይህን የሚበጣጥስ አፍ ዝም ሊባል አይገባም።

የኮምቦልቻዋ
ሕጉን አላነበብኩትም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ፎቶ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ዞረ። አንድ ሰውዬ ማታ መኪና ላይ ጆንያ ሲጭን። ከሥሩ «እነዚህን እወቋቸው» ይላል። የብሔር ስም የለበትም፣ የሃይማኖትም የለበትም። ሰውየው ግን የጎረቤቴን ባል ይመስላል። ይመስላል ብቻ።

ሱቋ ከኔ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልጆች ደብተር ትሸጣለች። በሦስተኛው ቀን ዳቦዋ ሳይሸጥ ደረቀ። ሰው በሯ ላይ እያለፈ ማዶ ሄዶ ይገዛ ጀመር። ቡና አፈላሁና ልጄን ላኩባት። «አሞኛል በያት» ብላ መለሰቻት። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካውም አለቀ። የሷ ስኒ ረከቦቱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ከዚያ በፊት እሷ ሳትኖር ቡና ጠጥተን አናውቅም። ዱዓ የምታደርግልን እሷ ነበረች እኮ።

ማታውኑ ሱቋ ላይ ድንጋይ ወረደበት። መስታወቱ ረገፈ። ሁለት ልጆች ተያዙ። ጉዳዩ «የንብረት ጉዳት» ተብሎ ተመዘገበ። ወላጆቻቸው መስታወቱን ከፈሉ፣ አለቀ። «ለምን ወረወራችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ፎቶው ኋላ ላይ ሲታወቅ የቆየ ነው፣ የሌላ አገር ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ጆንያ ተሸክሞ አያውቅም።

ጠበቃ (ደሴ፣ አራዳ)
እህቴ፣ የተናገርሽው የክርክሩ እምብርት ነው። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ያ ጽሑፍ ግን ቡድን ስላልጠቀሰ «የጥላቻ ንግግር ነው» ብሎ ማስፈረድ ይከብዳል። ድንጋዩን ስንመለከት ደግሞ፣ ከዘር ማጥፋት በታች ላለ ድርጊት፣ በጥላቻ ተነሳስቶ ሱቅ መስበር ራሱን የቻለ ስም ያለው ወንጀል አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 84 ጥላቻን ቅጣት ከሚያከብዱ እኩይ መነሻዎች አንዱ አድርጎታል። በሩ አለ። ግን መርማሪው ካልጠየቀ፣ ዐቃቤ ሕጉ ካላስረዳ፣ ዳኛው ምን ይዞ ያክብደው?

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)
እንግዲያው ሕግ አልጎደለንም። የሚጠይቅ ሰው ነው የጎደለን።

ወጣት ከሸዋ በር
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ሕጉም መርማሪውን እንዲጠይቅ ሊያስገድደው ይችላል። ድርጊቱ «የጥላቻ ወንጀል» የሚል ስም ቢኖረው መዝገቡ ላይ መጻፍ ግዴታ ይሆናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የንግግሩ አንቀጽ ነው። ድንጋይ ወርዋሪውን ቅጡልኝ፣ ስለ ውሃ የሚጽፈውን ተዉት።

አወያይ (ደሴ፣ ፒያሳ)
አወያይ ሆኜ ወገን መያዜን ይቅር በሉኝ፤ የሷን ስኒ ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አዋጁ ይቆይ። መምህሩ እንዳሉት ቃል ይገድላል። የሐሰተኛ መረጃው ክፍል ግን ይታረም። «ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያላደረገ» የሚለው ሐረግ እንደ ሸዋ በሩ ልጅ ላለ ሰው ወጥመድ ነው፤ እያወቀ የዋሸው ብቻ ይጠየቅ። በጥላቻ የተሠራ ድርጊት ደግሞ በስሙ ይጠራ፣ ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ላይ ይጻፍ። አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ካላነሱስ? ፌስቡክ ላይ ከተጻፈባቸው በኋላ ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ልጅ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን የከሰሰው በ2015 በኬንያ ፍርድ ቤት ነው። የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው የወሰነው በ2017 ነው። አባቱን ያጣ ሰው ክሱን ናይሮቢ ድረስ መውሰድ ነበረበት?

ጡረተኛ መምህር (ሆጤ)
«እያወቀ» ብቻ ካላችሁ ሁሉም «አላወቅኩም ነበር» ይላል። ያን ፎቶ ያስተላለፉት የሰፈሯ ሰዎች በሙሉ አላወቁም ነበር። እነሱ ነጻ ሊሆኑ ነው? እዚህ ላይ አልተስማማሁም፤ አልስማማምም።

ጠበቃ (ደሴ፣ አራዳ)
የመምህሩ ጥያቄ ከባድ ነው። ለኔ ያስተላለፈ ሁሉ እስር ቤት አይገባም። አዋጁ ራሱ ሁከት ካልተነሳ ፍርድ ቤቱ በእስርና በገንዘብ ፈንታ የግዴታ ማኅበረሰባዊ አገልግሎት እንዲወስን ይፈቅዳል። ይህ ይስፋ እላለሁ። የማሻሻያ ሐሳቡን በሁለት ገጽ እጽፋለሁ፤ ከተስማማችሁ ለመረጥነው ተወካይና ለቋሚ ኮሚቴው እንልካለን። እህቴ፣ ጎረቤትሽ አሁን እንዴት ናት?

የኮምቦልቻዋ
ወደ ባቲ ሄደዋል፤ ባሏም ልጆቿም። ሱቁን አሁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ስልክ እደውልላትና ድምፄን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ከዚያ የልጄን ደህንነት ትጠይቀኛለች። በሁለቱ ገጽ ላይ ምስክር የሚያስፈልግ ከሆነ የኔን ስም ጻፉ። እፈርማለሁ።