አባት አልጋ ወራሹን እንዴት ይጠረጥራል? የንጉሠ ነገሥት ዉ እና የልጁ ነገር

የሽምብጥ_ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራበት ፀጉር ቤት ከሰዓት በኋላ የቻይና ቤተ መንግሥት ድራማ ይከፈታል፤ ክፈቱልን የሚሉት ደንበኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሰሞኑን አንድ ንጉሠ ነገሥት አልጋ ወራሹን "መተት አሠራብኝ" ብሎ ጦር ሲያዘምትበት አየንና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አባት በገዛ ልጁ እንዲህ አይጨክንም አለ። ሌላው ዙፋን ባለበት አባትም ልጅም የለም አለ።

አላስችል ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ለካ እውነት ነው። የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 ዓመት። ልጁ ሊዩ ጁ ይባላል፣ እናቱ እቴጌ ዌይ ዚፉ ናት። ያልገባኝ ይሄ ነው፦ ዌይ ዚፉ በንጉሡ እህት ቤት ዘፋኝ ነበረች፣ ወደዳትና ወሰዳት፣ ወንድ ልጅ ስትወልድለት እቴጌ አደረጋት። ልጁንም ገና በሕፃንነቱ አልጋ ወራሽ አደረገው፣ በዚያ ማዕረግ 31 ዓመት ቆየ። ታዲያ 31 ዓመት ያመነውን ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠላት የሚያደርገው ምን ቢሆን ነው? መጀመሪያውኑ ፍቅር ነበር ወይ? ልጁስ ለምን አባቱ ፊት ቀርቦ "የለሁበትም" አላለም?

አንዲት እናት ደግሞ ፀጉራቸውን እየተሠሩ "ምን ቻይና ድረስ አስኬዳችሁ፣ ዳጋ ያረፈው ዘርዐ ያዕቆብስ?" ብለው ሄዱ። ስለሱም የምታውቁ ጻፉልኝ።

ጥቁር_አባይ

እህቴ፣ ፍቅርማ ነበር። ዉ ዕድሜውን ሙሉ ከሰሜን ዘላኖች፣ ከሺዮንግኑ ጋር ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ደግሞ ረጋ ያለ ነበር፣ ጦርነቱ ይብቃ ይለው ነበር። አባትየው ይስቅና ድካሙ የኔ ይሁን፣ ዕረፍቱን ለአንተ ልተውልህ ብሎ ይመልስለት እንደነበር ተጽፏል። እናትና ልጅ ስጋት እንደገባቸው ሲሰማም የእቴጌዋን ወንድም የጦር አዛዡን ዌይ ቺንግን ጠርቶ፣ ከእኔ በኋላ አገር የሚያረጋጋ ሰው ያስፈልጋል፣ ከልጄ የተሻለ የለም፣ ሄደህ ንገራቸው አለው። የማይወድ አባት እንዲህ አይልም።

ችግሩ ዌይ ቺንግ በ106 ሞተ (የቻይናው ዓመት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው)። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ የሚደገፉበት ሰው አጡ። ንጉሡ አረጀ፣ ታመመ፣ ከዋና ከተማው ከቻንግአን ወጥቶ ጋንቹዋን በሚባለው ቤተ መንግሥት መክረም አበዛ። እቴጌዋ ጤናውን ልትጠይቅ ሰው ስትልክ መልስ የማይመጣበት ጊዜ ደረሰ። በመሃል ያለው ጃንደረባና ባለሟል ብቻ ሆነ።

ከባለሟሎቹ አንዱ ጂያንግ ቾንግ ነው። ይሄ ሰው አንድ ጊዜ የአልጋ ወራሹ ሰዎች ለንጉሡ በተከለለ መንገድ ላይ ሠረገላ ሲነዱ ያዛቸው። ልጁ ለአባቴ አትንገርብኝ ብሎ ለመነው። ሄዶ ተናገረ፣ ተመሰገነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሽማግሌው ሞቶ ልጁ ከነገሠ አንገቱ እንደማይተርፍ ያውቃል። ንጉሡ በሺህ የሚቆጠሩ የእንጨት ሰዎች በዱላ ሲያባርሩት በሕልሙ አይቶ ሲታመም፣ "ይሄ የመተት በሽታ ነው" ያለው እሱ ነው። ምርመራውም ለእሱው ተሰጠ። መሬት እየቆፈሩ የእንጨት አሻንጉሊት መፈለግ ሆነ። ሰው በጋለ ብረት እየተቃጠለ ያላደረገውን አመነ፣ አንዱ ሌላውን ጠቆመ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በመጨረሻ እቴጌዋና አልጋ ወራሹ ግቢ ገቡ። ወለሉን ከመቆፈራቸው ብዛት እናትና ልጅ አልጋ የሚዘረጉበት ቦታ አጡ ይላል ታሪኩ። ከዚያም ልጁ ግቢ አሻንጉሊት ተገኘ ተባለ።

ፔዳ_ግቢ

ጥቁር አባይ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ጥፋቱን ሁሉ ጂያንግ ቾንግ ላይ መጫኑን አልቀበለውም። ነገር ሠሪ በየትም ቤተ መንግሥት አለ። ጆሮ የሚሰጠው ሰው ነው ነገሩን ነገር የሚያደርገው።

ከዌይ ዚፉ በፊት የነበረችው እቴጌ ቼን ለምን ወረደች? በ130 "መተት አሠራሽ" ተብላ ነው፣ በዚያ ጉዳይ ከ300 በላይ ሰው ተገድሏል። ዌይ ዚፉ የተቀመጠችው በዚያች ሴት ወንበር ላይ ነው፣ 38 ዓመት ተቀምጣ ያወረዳትም ያው ክስ ነው። ስለዚህ ዉ በመተት ክስ የራሱን ቤት ማጽዳት የለመደ ሰው ነበር።

ሌላም አለ። በ94 ጉዪ የምትባል ወጣት ሚስቱ ፉሊንግ የሚባል ልጅ ወለደችለት። 14 ወር በማሕፀን ቆየ ተባለ። የጥንቱ ደግ ንጉሥ ያዎም 14 ወር ተረግዞ ነው የተወለደው ይባል ስለነበር ንጉሡ ተደስቶ የልጁን መወለጃ ቤት በር "የያዎ እናት በር" ብሎ ሰየመው። በሕይወት ያለ አልጋ ወራሽ እያለህ የትንሹን ልጅ እናት በንጉሥ እናት ስም ስትጠራ ግቢው ምን ይረዳል? ልቡ ወደ ትንሹ እንዳዘነበለ ነው የሚረዳው። ጂያንግ ቾንግ ድፍረቱን ያገኘው ከዚያ በር ላይ ነው ባይ ነኝ።

የሽምብጥ_ልጅ

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ይሁን። ልጁ ግን ለምን ፈረስ ጭኖ ጋንቹዋን አልሄደም? አባቱ እግር ላይ ወድቆ ቢያለቅስ አይሻልም ነበር?

ጥቁር_አባይ

ሊሄድ አስቦ ነበር። መምህሩ ሺ ዴ ነው የመለሰው። ያለውን ስሚ፦ ንጉሡ ይኑር ይሙት አናውቅም፣ የምንልከው ሰው መልስ አያገኝም፣ የፉሱን ነገር ረሳኸው ወይ አለው።

ፉሱ ማለት ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን ሺ ኋንግ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ በ210 መንገድ ላይ ሞተ። ጃንደረባው ዣኦ ጋኦና ሚኒስትሩ ሊ ሲ ሞቱን ደብቀው በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፉ፦ "ራስህን ግደል"። ድንበር ላይ አብሮት የነበረው ጄኔራል ሜንግ ቲያን ኧረ መጀመሪያ ይጣራ ብሎት ነበር። ፉሱ አባት ልጁን ሙት ካለው ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል ብሎ ራሱን አጠፋ። በእሱ ቦታ ታናሽ ወንድሙ ተቀመጠ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንግሥቱ ፈረሰ።

እንግዲህ ራስሽን ሊዩ ጁ ቦታ አድርጊ። ታዛዡ ልጅ በሐሰት ደብዳቤ እንደሞተ ታውቂያለሽ። አባትሽ በሕይወት መኖሩን አታውቂም። ግቢሽ ተቆፍሯል፣ ማስረጃ ተብሎ አሻንጉሊት ተይዟል። ጂያንግ ቾንግን ያዘውና አንገቱን አስቀላ። ከእናቱ ጋር ተማክሮ የቤተ መንግሥቱን ዘብ አስታጠቀ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ቦታ መጣ። ወሬው ጋንቹዋን ሲደርስ ንጉሡ መጀመሪያ አልተቆጣም። ልጄ ፈርቶ ነው፣ በነቾንግ ተናዶ ነው አለና አስጠሩልኝ ብሎ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ከተማውን ለመግባት ፈራ። መንገድ ላይ ተመለሰና "አምፆአል፣ እኔንም ሊገድለኝ ሲል አመለጥኩ" ብሎ ዋሸ። ያ ሰው በሩን አልፎ ቢገባ ኖሮ ይሄን ሁሉ አንጽፍም ነበር።

ቻንግአን ውስጥ 5 ቀን ተዋጉ። ልጁ ተሸነፈና ሸሸ። እቴጌዋ ማኅተሟን አስረክቢ ሲሏት ራሷን አጠፋች። ልጁ ሁ በምትባል አውራጃ አንድ ደሃ ቤት ተደበቀ፤ ባለቤቱ ጫማ እየሸጠ ያበላው ነበር። ችግሩን አይቶ አንድ ሀብታም ወዳጁ ጋ ሰው ሲልክ ታወቀበት። ቤቱ ሲከበብ በሩን ዘግቶ ታንቆ ሞተ። አብረውት የነበሩት ሁለት ልጆቹም ተገደሉ፣ ያ ጫማ ሻጭም ሲከላከልለት ሞተ።

የታንኳ_ሰው

እኔ በጀልባ እንግዳ ወደ ደሴቶቹ የምወስድ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ ያሉት ልክ ነው እህቴ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባምና እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። የነገሥታቱ አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ነው ያለው፣ መነኩሴው ጨርቁን ገለጥ አድርገው ያሳያሉ። ከነሱ አንዱ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጀመሪያ የተቀበረው ደብረ ነጎድጓድ ነበር፣ ኋላ ወደ ዳጋ መጣ።

እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ብዙ የጻፈ፣ ለሃይማኖቱ ብርቱ ንጉሥ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም። ግን በመተትና በጣዖት ነገር ማንንም አያምንም ነበር። የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ደስክና ዲኖ ለሚባሉት ጣዖታት ሰገዱ ተብለው ተከሰሱ፣ ተገረፉ፣ ከነሱም የሞቱ አሉ። ከሳሾቹም ኋላ ራሳቸው ተቀጡ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ልታነግሥ አሰበች ተብላ ተገርፋ በዚያው ሞተች። ልጁም ተጠረጠረ፣ ታሰረ። የሚለየው መጨረሻው ነው፦ እዚህ አባትና ልጅ ታረቁ፣ አባቱ ሲሞት የነገሠው ያው በእደ ማርያም ነው። ሊዩ ጁ ያላገኘው ዕድል ይሄ ነው።

ጣና ላይ የተገላቢጦሹም አለ። ታላቁ አፄ ኢያሱ የሚወዳት እቁባቱ ሞታበት ኀዘን ሲያደቀው ሥራውን ትቶ ጣና ደሴት ላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ሲርቅ ንግሥት መለኮታዊት ልጇን ተክለ ሃይማኖትን ጎንደር ላይ አነገሠች። እ.ኤ.አ. በ1706 ደሴቱ ላይ የእሷ ወንድሞች ሄደው ገደሉት። ልጁም በ1708 አደን ላይ ተገደለ፣ ቀጥሎ የነገሠው ቴዎፍሎስ መለኮታዊትንና ወንድሞቿን ቀጣቸው፣ በሞት። የኢያሱ መቃብር ምጽራሃ ደሴት ነው። እዚያ ስደርስ ለእንግዳ ይሄን ታሪክ ሳልነግር አላልፍም።

ሁለቱም ቦታ አንድ ነገር ታያላችሁ። ዉም ኢያሱም ከከተማቸው ርቀው ተቀመጡ። ንጉሥ ሲርቅ ወሬው ለተሸካሚው ነው የሚሆነው።

እማ_ዘጌ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ አባትና ልጅ ጻፋችሁ፣ ያቺን ጉዪን ማን ያስባት? ፔዳ ግቢ በሩን ጠቅሰህ ሴትዮዋን ዝም አልካት።

ዉ ትንሹን ፉሊንግን ለማንገሥ ሲወስን በ88 እናቱን ጉዪን አስያዛት፣ እስር ቤት ሞተች። ጥፋቷ ወጣት መሆኗና የንጉሥ እናት ልትሆን መሆኗ ነው። ከሱ በፊት እቴጌ ሉ የምትባል ባሏ ሲሞት አገሩን ጨብጣ የባሏን ወገን ፈጅታ ነበርና ያ እንዳይደገም ብሎ ነው። ልጁ በ8 ዓመቱ ነገሠ፣ ሁዎ ጉዋንግ የሚባል ሹም እንደራሴ ሆነ። ይወዳት ነበር አይደል? በርዋን ሳይቀር ሰይሞላታል። የወደዳት ሰው ነው ያስገደላት። እኔ እንደ እናት ይሄ ከሊዩ ጁ ሞት ይብስብኛል፤ ያኛው በወሬ ተታሎ ነው፣ ይሄኛው አስቦበት ነው።

ፔዳ_ግቢ

እውነትዎን ነው እማማ። ልጁን ከገደለ በኋላ የተጸጸተ ሰው መሆኑ ደግሞ ያብሰዋል። ቲያን ቺያንቺዩ የሚባል ሹም "ልጅ የአባቱን ጦር ቢያነሳ ቅጣቱ ግርፋት ነው" ብሎ ጻፈለትና ዓይኑ ተገለጠ። የጂያንግ ቾንግን ቤተሰብ ፈጀ፣ ልጁን የወነጀለውን ጃንደረባ ሱ ዌንን ድልድይ ላይ አቃጠለው፣ ልጁ በሞተበት በሁ ቤተ መንግሥትና ግንብ አሠራለት። ከዚያ በኋላ ነው ጉዪን ያስገደላት። ከልጁ ሞት ያገኘው ትምህርት ወራሹን ከማንም ከልል የሚል ነው፣ ከእናቱም ጭምር።

የሽምብጥ_ልጅ

እማማ ልቤን ነካኝ ያሉት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ከሊዩ ጁ ዘር የተረፈ የለም?

ጥቁር_አባይ

አለ፣ አንድ የልጅ ልጁ። ገና ሕፃን እያለ ከነመተት ክሱ እስር ቤት ገባ። ቢንግ ጂ የሚባል የእስር ቤቱ ኃላፊ ሕፃኑ በደል እንደሌለበት አይቶ ከእስረኞቹ መሃል የሚያጠቡ ሴቶች መርጦ ሰጠው። በ87 ንጉሡ ሊሞት ሲል አንድ ባለ ራእይ ከእስር ቤቱ የንጉሥ መንፈስ ይታየኛል አለውና እስረኛ ሁሉ ይገደል የሚል ትእዛዝ ወጣ። መልእክተኛው በሌሊት መጣ። ቢንግ ጂ በሩን ዘጋ፦ ተራ ሰው እንኳ ያለ ጥፋት አይገደልም፣ ይሄ ደግሞ የንጉሡ ልጅ የልጅ ልጅ ነው አለ። እስኪነጋ አልከፈተም። መልእክተኛው ተመልሶ ከሰሰው፣ ንጉሡ ግን የሰማይ ፈቃድ ነው ብሎ እስረኛውን ሁሉ ማረ።

ያ ሕፃን በ74 ነገሠ፣ ሹዋን ይባላል። እናት አልባ ሆኖ ተራ ሰፈር ነው ያደገው። ቅድመ አያቱን ዌይ ዚፉን በክብር አስቀበራት። ቢንግ ጂ ውለታውን ለዓመታት ለማንም አልተናገረም፣ የታወቀው ሌላ ሰው ሲያወራው ነው። ግን ሹዋንም ሚስቱን በ71 በመርዝ አጣ፣ ያስመረዘችው ደግሞ የዚያው የሁዎ ጉዋንግ ሚስት ናት፣ ልጇን እቴጌ ለማድረግ። የሱ ታሪክ ረጅም ነው፣ ለብቻው ጥያቄ ክፈቺና እዚያ እንጻፍበት።