ራይዞቢየም የተለወሰ ባቄላ ለምን እባጭ አጣ?

ጥያቄ፦ ባንጃ (አዊ ዞን)፣ ቀይ አፈር፣ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) 4.9። የባቄላው ዘር በራይዞቢየም (ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ለተክሉ በሚያዘጋጅ ባክቴሪያ) ተለውሶ ነው የተዘራው። አበባ ላይ ሲነቀል ግን የሥሩ እባጮች ጥቂት ናቸው፤ ውስጣቸውም ነጭ። ምን ጎደለ?

መልስ 1፦ አሲዳማነቱ ነው። ባክቴሪያው የሥር ፀጉር ላይ ተጣብቆ ፀጉሩን ያጥፈዋል፤ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ሠርቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጫል፣ ፎስፈረስም ይታሰራል፤ ባክቴሪያው መግቢያ ያጣል። አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይታረስ፣ መጠኑን የአፈር ምርመራ ይወስነው። ናይትሮጅን የሚሠራ እባጭ ሲሰነጠቅ ሮዝ ነው፤ ነጩ ለተክሉ ሸክም እንጂ ጥቅም የለውም።

መልስ 2፦ በኖራው እስማማለሁ፤ ግን አለዋወሱም ይታይ። ለሩብ ሄክታር 125 ግራም ራይዞቢየም ይበቃል። ዘሩን በስኳር ውኃ በስሱ አርጥቦ፣ ጥላ ሥር ለውሶ፣ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ መዝራትና ወዲያው ማልበስ ነው። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ መቀላቀልም እንዲሁ፣ ጨውነቱ ያደርቀዋል። ዩሪያ ከበዛ ደግሞ ተክሉ ራሱ እባጭ መሥራቱን ይተዋል።

መልስ 3፦ የራይዞቢየሙን ፓኬትም ያንብቡ። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀው የባክቴሪያ ዝርያ ባቄላ ውስጥ አይገባም።